ከበረንዳ የተሰጠ ምልክት

በስምንት ዓመቴ አንድ ክሬን አዝዝ ነበር። እኩዮቼ ድመት ያዝዛሉ፣ አሻንጉሊት ያዝዛሉ፣ ዕድል የቀናው ታናሽ ወንድሙን ያዝዛል። እኔ ግን ቁመቱ አርባ ሜትር የሆነ፣ ቢጫ፣ ክንዱ ከሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ በላይ የሚዞር ክሬን ነበረኝ። ተነሣ ስለው ይነሣል፤ ዙር ስለው ይዞራል፤ አውርድ ስለው የተሸከመውን ፌሮ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ የማስደርገው ከቤታችን በረንዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በፒጃማ ሆኜ ነው። አንዳንዴም በአንድ እጄ ጥርሴን እየቦረሽኩ።

ለነገሩ የክሬኑ ኦፕሬተር አባቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሞኝ አልነበርኩም። በየጠዋቱ ምሳ ዕቃውንና የመቀመጫ ትራሱን ይዞ መንገዱን ይሻገራል፣ የብረቱን መሰላል ይወጣል፣ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ አውራ ጣት አክሎ ካቢኑ ውስጥ ይገባል። ግን ያለ ምልክት ምንም እንደማይሠራ የነገረኝ ራሱ ነው። «እኔ እዚያ ላይ ሆኜ መሬት ያለውን ሁሉ አላይም» ይለኝ ነበር፤ «የምታዘዘው እጅ ነው።» እጅ ከሆነ ደግሞ እኔም ሁለት አለኝ።

ምልክቱን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እናቴ የዚያው ሳይት ምልክት ሰጪ ነበረች። ብርቱካንማ ጓንቷን አጥልቃ ከታች ትቆማለች፣ አባቴ ከላይ ያያታል፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲነጋገሩ ይውላሉ። ክንድ ቀጥ ብሎ ጠቋሚ ጣት ወደ ሰማይ ክብ ከሠራች ተነሣ ማለት ነው። ጣት ወደ መሬት ተደፍታ ከዞረች አውርድ ነው። ክንድ ወደ ጎን ከተዘረጋ ወደዚያ ዙር፤ አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ ከሆነ ደግሞ ቀስ። ልማዱ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። እናቴ አፏ ሞልቶ ሳለ ጣቷን ወደ ላይ ካዞረች አባቴ ማንቆርቆሪያውን ያነሣል፤ ክንዷን ወደ እኔ ከዘረጋች ሻዩ ወደ እኔ ይዞራል። እንግዳ መጥቶ አልነሣ ሲል እናቴ ከጀርባው ቆማ ጣቷን ወደ ላይ ታዞራለች፤ አባቴ ሳቁን ለመዋጥ ያስላል።

የእኔ አሠራር ቀላል ነው። እኔ በረንዳ ላይ፣ እናቴ ከታች ጀርባዋን ሰጥታኝ። እሷ ጣቷን ስታዞር እኔም አዞራለሁ፤ ክሬኑ ይነሣል። አሁን በአርባ አንድ ዓመቴ፣ እናቴ ሁልጊዜ በግማሽ ትንፋሽ ትቀድመኝ እንደነበር ይገባኛል። ያኔ ግን የምትኮርጀኝ እሷ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ እንዴት ልትኮርጀኝ እንደምትችል አልመረመርኩም፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ብዙ አይመረምርም።

አንድ ቀን ሁለት የክፍሌን ልጆች ለማሳየት ይዤ መጣሁ። ደረቴን ነፍቼ በረንዳው ላይ ቆምኩና «አሁን ወደ ግራ አዞረዋለሁ» አልኩ። የምሳ ሰዓት ኖሯል። ክሬኑ ንቅንቅ አላለም። ክንዴ እስኪደነዝዝ ዘርግቼ ቆየሁ።

«አይሰማሽም» አለች አንደኛዋ።

«ይሰማኛል። ምሳ እየበላ ነው።»

«ክሬን ምን ይበላል?»

«ክሬኑ ሳይሆን የሚነዳው።»

«አለቃው አንቺ ከሆንሽ ምሳውን ለምን አታስተዪውም?»

«እኔ ጨካኝ አለቃ አይደለሁም» አልኳት። በዚህ አፏን አስያዝኳት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምትጠብቀኝ አክስቴ ነበረች፣ የአባቴ ታላቅ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የበረንዳው በር ሥር ተቀምጧል፤ አፏ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት አራት መርፌ ቁልፍ ስላለ የምትናገረው በጥርሷ መሃል ነው። እኔ ክሬን ሳዝዝ እሷ ቀና ሳትል «ብረቱን አትደገፊ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ በሥራዬ ጣልቃ አትገባም።

አባቴም ቢሆን ነገሩን ያባብሰው ነበር እንጂ አይገስጸኝም። ማታ ሲገባ «አለቃዬ» ይለኛል፤ «ከሰዓት በኋላ ያን ብሎኬት አወራረድሽው ቆንጆ ነበር።» እኔም «ነገ ትንሽ ፈጠን በል» እለዋለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጉንፋን የያዛት ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ያለ ቀልድ ነው ያስተማረኝ። አንደኛው ቁጥሩ ነው። በክሬኑ ክንድ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሰሌዳዎች ተንጠልጥለዋል፤ እዚህ ጋ ይህን ያህል፣ እዚያ ጋ ያን ያህል ይችላል የሚሉ። ጫፉ ላይ ያለው 2000 ይላል። «ጫፉ ላይ ሁለት ቶን» ይለኛል አባቴ፤ «ከሁለት ቶን በላይ አንዲት ጡብ አልጨምርም። ንጉሥ ቢያዘኝ አልጨምርም።» ሁለተኛው የማቆሚያው ምልክት ነው። ሁለት እጅ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ።

«የምታዘዘው ለአንድ ሰው ነው፣ ለእናትሽ» አለኝ። ይህን የሚለው እናቴ እንዳትቀየም ብሎ ነው ብዬ አለፍኩት። «ይሄን ምልክት ግን ማንም ይስጠው ማን፣ አቆማለሁ።»

«ዘበኛውም?»

«ዘበኛውም።»

«ሻይ የምታመጣዋም?»

«እሷም።»

«ሌባስ ቢሰጥህ?»

«ሌባም ይስጠው። እኔ አቁሜ እጠይቃለሁ እንጂ ጠይቄ አላቆምም።»

የሳይቱን ኃላፊ ሠራተኞቹ ቶሎ-ቶሎ ይሉታል፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል፣ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን፣ የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ቶን ፌሮ ተሰቅሎ ሳለ አንድ እስር ይጨመርበት አለ። አባቴ እምቢ አለ። መሰላሉን ወርዶ መጣና ፊት ለፊቱ ቆመ። እኔ በረንዳ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ነበር።

«አንድ እስር ነው። ክሬኑን ምን ይለዋል?» አለ ቶሎ-ቶሎ።

«ክሬኑን እንጃ፣ እኔን ግን ይለኛል» አለ አባቴ።

«ኦፕሬተር ሞልቷል።»

«ሞልቷል» አለ አባቴም፣ እንደሚስማማ ሰው። እስሩ አልተጨመረም። እኔ ከላይ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ አክስቴ ብረቱን አትደገፊ አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ቀኑ ልምጣ። ቅዳሜ ነበር። ቁርስ ላይ እኔ ጫማዬን ለማሰር ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ነበር፤ ማሰር ስላልቻልኩ ቆየሁ፤ ትልልቆቹ ረስተውኛል። ከሥር ሆኜ የማየው የአባቴን እግር ብቻ ነው፤ ከላይ ማንኪያው ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ይሰማኛል።

«የክሬን መርማሪው በሦስት ሰዓት ይደርሳል» አለ።

«ስንት ነው የምትሰቅሉት?» አለች እናቴ።

«ሁለት ተኩል። ጫፉ ላይ።»

«ከአቅሙ በላይ።»

«ከአቅሙ በላይ። ቶሎ-ቶሎ ሌላ ኦፕሬተር ቀጥሮ ጨርሷል፤ ሰበብ ነው የሚፈልገው። አርማታው ለዛሬ ከሰዓት ታዟል። ትንሽ ነገር ከተሰናከለ አለቀልኝ።»

ጫማዬን ትቼ ቁጭ አልኩ። አባቴ ለንጉሥ አልጨምርም ያለውን ነገር ሊያስጨምሩት ነው። ቶሎ-ቶሎ ብቻውን ስላልቻለው መርማሪ የሚባል አጋዥ ይዞ መጣ። ክሬኑ ይወድቃል፣ አባቴ እዚያ ላይ ነው፣ አለቀለት። ራሱ አለቀልኝ ብሏል። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር።

መርማሪው ሲመጣ ግን ክፉ ሰው አይመስልም። አጭር፣ ሽማግሌ፣ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ በእጁ ትንሽ መዶሻ። ባለ መዶሻው ብዬ ሰየምኩት። ከክሬኑ ሥር ጀምሮ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቡሎን እንዴት አደርክ የሚል ነበር የሚመስለው። ቀጥሎ ጨርቅ አወጣና የብረት ገመዱን ጨብጦ ይወለውል ጀመር። የሚገድሉትን ክሬን ማጽዳት ምን የሚሉት ነው አልኩ። ጨርቁ የሚያዘው የተበጠሰች የሽቦ ክር ስታገኘው እንደሆነ፣ ጥሩ ገመድም ማለት ጨርቁን በሰላም የሚያሳልፍ እንደሆነ የገባኝ ሥራው የእኔ ከሆነ በኋላ ነው።

ከዚያ ሰውን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ አስወጡ። እናቴ ብቻ ጓንቷን አጥልቃ ቆመች። የክሬኑ ክንድ ዞሮ ጫፉ ከበረንዳችን ፊት ለፊት መጣ፤ መንጠቆው ወረደ። ከሥሩ ኮንክሪት ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ጎናቸው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈባቸው። አንዱ 1000 ይላል። አንዱ 1000 ይላል። ሦስተኛው ትንሽ ናት፣ 500 ትላለች። በጣቴ ደመርኩ። አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ከዚያ ያች ትንሿ። ትልልቆቹ ምንም አላሉኝም፤ ጉዷ ያች ትንሿ ናት።

ሮጬ ገባሁ። «አክስቴ፣ አባዬን ሊገድሉት ነው።»

«ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?» አለች በመርፌዎቿ መሃል፣ ቀና ሳትል። በዚያ ሰሞን አባቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞትብኝ ስለነበር አልፈርድባትም።

ተመልሼ ወጣሁ። የክር ካርቶን ደፍቼ ቆምኩበት። ከታች እናቴ ክንዷን አንሥታ ጣቷን ታዞራለች። ገመዱ ተወጠረ። የትልቁ ድንጋይ ጥግ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብድግ ስትል አየሁ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣ መዳፌን ወደ መሬት፣ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ብብቴ እስኪቀደድ።

ክሬኑ ቀጥ አለ።

እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከሆኑት ነገሮች ሁሉ የዚያን ያህል ያሰከረኝ የለም። ያለ እናቴ ነው የቆመው። እናቴማ ጣቷን ማዞሯን አላቆመችም፤ ተነሣ ትላለች፣ ክሬኑ አይሰማትም፤ እንደገና ታዞራለች፣ አይሰማትም። ቶሎ-ቶሎ ከአጥሩ ውጭ ይዘላል። አባቴ አንድ ጊዜ ጡሩምባውን ነፋና በካቢኑ መስኮት ክንዱን አውጥቶ ወደ እኔ አመለከተ። እናቴ ዞረች። ባለ መዶሻው ዞረ። ዘበኛው፣ ፌሮ አሣሪዎቹ፣ ሻይ የምታመጣዋ ዞሩ። በሳይቱ ያለው ሄልሜት በሙሉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ቀይ ነጠብጣብ ፒጃማዬ ተንጋጠጠ።

ይኸኔ ቀልቤ ተገፈፈ። እግሬ አውጪኝ ብዬ የአክስቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ ውስጥ ገባሁ።

ባለ መዶሻው ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። በሩ ክፍት ነበር፣ ግን አንኳኳ፣ በመዶሻው።

«ይግቡ» አለች አክስቴ። «ሱሪ ነው ኮት?»

«ምልክት ነው እመቤቴ። ከዚህ በረንዳ ላይ ክሬን እንዲቆም ምልክት ተሰጥቷል።»

«እዚህ ቤት ልብስ እንጂ ምልክት አይሰጥም።»

ሰውየው ጎንበስ አለ። ከጨርቁ ውስጥ እግሬ ወጥቶ ኖሯል፣ ክሩ ያልታሰረ ጫማዬ። ጉልበቱን እያመመው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አክስቴ ናት።»

«እኔ ከዚህ ወንበር ከተነሣሁ ዓመቴ ነው» አለች አክስቴ።

ሰውየው አልሳቀም። «ስሚኝ» አለኝ። «ክሬን እንዲቆም ምልክት የሰጠ ሰው ያየውን መናገር አለበት። እሱ እስኪናገር እኔ አላስነሣውም። ኦፕሬተሩም እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስምሽ አያስፈልገኝም። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

አባቴ መጠበቁ አሳዘነኝና ወጣሁ፣ ፀጉሬ ላይ ክር ተጠላልፎ። «ጫፉ ላይ የሚችለው ሁለት ቶን ነው። ተጽፏል። እናንተ ግን ሁለት ተኩል ሰቀላችሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ድንጋዩ ላይ አለ። ሺህ፣ ሺህ፣ አምስት መቶ።»

«ደምረሽው ነው?»

«በጣቴ።»

ወደ አክስቴ ቀና ብሎ «ከታች ካለው ሰው ይህን የደመረ መኖሩን እንጃ» አላት። ከዚያ ለእኔ አስረዳኝ። ጥንካሬውን ለማወቅ በዓመት አንድ ጊዜ ጨመር አድርጎ መሞከር እንዳለ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ከሥሩ ማንም ሳይቆም፣ እሱ ዓይኑን ሳይነቅል እያየ። «ይህን የሚያደርገው መርማሪ ነው። ሌላ ሰው አንዲት ጡብ አይጨምርም።»

«ቶሎ-ቶሎም?»

«እሱ በተለይ» አለ።

አንዲት ጡብ ማለቱ አረጋጋኝ፤ የአባቴ ወገን መሆን አለበት። እጄን ይዞ ወረድን። በሩ ላይ ሄልሜት ደፋልኝ፤ አፍንጫዬ ላይ ቆመ። በሄልሜቱ ሥር የማየው ጫማ ብቻ ነው፦ የእናቴ ቦት ጫማ፣ የቶሎ-ቶሎ ሹል ጫማ፣ ከኋላ የቆመ የማላውቀው ሰው ጫማ፣ አዲስ። ያ አዲሱ ኦፕሬተር እንደነበረ አሁን አውቃለሁ።

«ልጁ ናት» ይላል ቶሎ-ቶሎ። «የገዛ ልጁ እንደሆነች እያየ፣ እያወቀ ነው ያቆመው። የአርማታ መኪና መንገድ ላይ ነው። ለሕፃን ጨዋታ የሚያቆም ኦፕሬተር አይተህ ታውቃለህ? ይሄን ጻፈው።»

«እየጻፍኩ ነው» አለ ባለ መዶሻው። እውነትም እርሳሱ ሲጭር ይሰማኛል፣ ረጅም ነገር።

ከዚያ አጥሩ ጋ አቆመኝና «ያቆምሽው አንቺ ነሽ፤ ፍቀጂለት» አለኝ። ሄልሜቱን ወደ ላይ ገፋሁት። ክንዴን አነሣሁ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ አዞርኩ። ገመዱ ተወጠረ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶው ኪሎ በጣቴ ብድግ አለ፣ አንድ ስንዝር፣ ቆመ። አሥር ደቂቃ ቆመ። ባለ መዶሻው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ ሦስት ጊዜ ቁጥር ጠፋብኝ። ሲወርድ ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ ለእኔ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ በትክክል ከጀርባዬ ቆማ ጣቷን ስታዞር እንደነበር የነገረችኝ ያገባሁ ቀን ነው።

በዚያ ምሽት አባቴ ምሳ ዕቃውንና የመቀመጫ ትራሱን ይዞ ገባ። ትራሱን ሁልጊዜ ይዞት ነው የሚመለሰው፤ በዚያ ቀን ግን ጓንቱን፣ የዝናብ ካፖርቱንና ካቢኑ ውስጥ ለጥፎት የነበረውን የእኔን ሥዕልም ይዟል።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አልኩት።

«እረፍት ሰጡኝ።»

«ክሬኑን ስላዳንኩልህ?»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ አንዱን መዳፏን በሌላው ላይ አደረገች፣ ቀስ። አባቴ ሻይ መቅዳት ጀምሮ ስለነበር ስለ ሻዩ መሰለኝ።

«አዎ አለቃዬ» አለ። «ስላዳንሽው።»

በደስታ አልጋው ላይ ዘለልኩ።

አራት ወር እረፍት ተሰጠን። ከልጅነቴ ሁሉ አንድ ወቅት ምረጪ ብባል ያንን አራት ወር እመርጣለሁ። አባቴ ቀኑን ሙሉ የእኔ ነበር። ከአክስቴ ባዶ የክር ጥቅልሎች፣ ከሽቦና ከእንጨት ቁራጭ አንድ ክሬን ሠራን፤ መንጠቆው የታጠፈ መርፌ ቁልፍ፣ ሚዛን መጠበቂያው ያለቀ ባትሪ፣ ጭነቱ ክብሪት ቤት። ጠዋት ጠዋት ሳንፈትሸው መጫወት ክልክል ነው። ክሩን በጣቴ አስኬዳለሁ፣ መንጠቆውን አያለሁ፣ ጥቅልሎቹን በማንኪያ ኳ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። አክስቴ በበኩሏ የማቆሚያውን ምልክት ተምራ መከራ አሳየችን፤ ሥራው ሲጥመን ሁለት እጇን ከነመቀሷ ትዘረጋለች። ደንብ ነውና እናቆማለን። «ምን አየሽ?» ይላታል አባቴ። «ክር አልቆብኝ አየሁ፤ አንዳችሁ ሱቅ ሂዱ» ትላለች።

አክስቴ በዚያ ሰሞን ከመኪናዋ አትነሣም ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም በክምር ትሰፋለች። ጥቅልል እንዳይጎድለን ብላ ነው እል ነበር። እናቴ ብቻዋን መንገዱን እየተሻገረች ትሄዳለች፤ እኔ ከበረንዳ አዝዛለሁ፤ ክሬኑ ግን ጠባዩ ተለውጧል፣ ዘገምተኛና ነጭናጫ ሆኗል። አኮረፈኝ ብዬ ተውኩት። አባቴን ና እንየው ብለው አይመጣም። በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን በረንዳው ላይ አልወጣም። ፀሐይ ስለማይወድ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ትልቅ ሳይት ላይ፣ ከበፊቱ የሚረዝም ክሬን ሰጡት፤ እኔ ግን እረፍቱ ስላለቀ አለቀስኩ።

የመርማሪነት ፈቃዴን የተቀበልኩ ቀን አባቴ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። የባለ መዶሻው ሪፖርት ግልባጭ ነው። ክሬኑ አለፈ ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፦ «በሙከራው መሃል ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሰጠውን የማቆም ምልክት ኦፕሬተሩ ሳያመነታ ፈጽሟል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ኦፕሬተር ያየሁት ጥቂት ነው።» ማንነቱ ያልታወቀ በሚለው ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጫማዬን ያየ ሰውዬ። «በዚህ ወረቀት ነው የቀጠሩኝ» አለ አባቴ። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። የተባረረው በዚያው ቅዳሜ፣ አርማታው ሳይፈስ እንደሆነ ያኔ ነገረኝ። እኔ በአልጋው ላይ ስዘል እሱ ሥራ የለውም ነበር።

«እኔ መሆኔን አይተሃል?» አልኩት።

«ቀይ ነጠብጣብ ፒጃማ።»

«አደጋ እንደሌለ ታውቃለህ። ቶሎ-ቶሎ ሰበብ እንደሚፈልግ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አቆምክ?»

እንደሚያስብ ሰው ጣሪያውን አየ። «ምልክቱ ትክክል ነበር። እጅሽ በደንብ ተዘርግቷል፣ መዳፍሽ ወደ መሬት ነው። ዛሬ ልጄ ናት ብዬ ካለፍኳት ነገ ዘበኛው ነው ብዬ አልፋለሁ።» ቀጥሎም «ደግሞ አለቃዬ ነሽ» አለ። አለቀስኩ፤ እሱ ሻዩን ጠጣ።

እኔም መዶሻ አለኝ አሁን። ቡሎን ኳ አደርጋለሁ፣ ገመድ በጨርቅ እይዛለሁ፣ ሁለት ተኩል አሰቅላለሁ። አንድ ነገር ግን ደንቡ ላይ ሳይኖር ጨምሬያለሁ። ጭነት ከመሰቀሉ በፊት፣ መንጠቆው ባዶውን ሲወርድ፣ አንድ ሰው መርጬ የማቆሚያውን ምልክት ስጥ ብዬ በጆሮው አንሾካሹካለሁ፤ ጠራጊ፣ ዘበኛ፣ በዚያ ቦታ ማንም የማይሰማውን ሰው። ኦፕሬተሩ ካላቆመ አልፈርምም። ባለፈው ሳምንት የመረጥኳት ሻይ ሻጭ ነበረች። ትሪዋን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች። መንጠቆው አየር ላይ ቀጥ አለ። የሳይቱ ኃላፊ ተንደርድሮ መጣ፣ ለሻይ ሻጭ ነው እንዴ የምታቆመው እያለ፤ ካቢኑ ውስጥ ያለው ወጣት ግን ንቅንቅ አላለም። ሪፖርቱን ስጽፍ «ማንነቷ ያልታወቀ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። አንዱን ግልባጭ ለኃላፊው፣ ሌላውን መሰላሉ ሥር ጠብቄ ለወጣቱ ሰጠሁት፤ አጥፈህ አስቀምጠው አልኩት።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«ዛሬ አንድ ልጅ አቆመ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለሻይ ሻጯ።»

«አመነታ?»

«አላመነታም።»

«መዳፏ ወደ መሬት ነበር?»

«እንዴታ፣ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።»

ሲስቅ ሰማሁት፤ ከሳቁ ኋላ የመኪና ድምፅና የወፍ ጫጫታ ይሰማል።

«የት ሆነህ ነው አባዬ?»

«በረንዳ ላይ ነኝ» አለ። «ፀሐይ እየሞቅሁ።»